የላዳ ቴስታታ ቡሎን በስንት ይጥበቅ?

ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፤ ጓርኒሲዮን በእሱና ከሥሩ ባለው የሞተር አካል (በብሎኩ) መካከል የሚገባው ማሸጊያ ነው፤ ቶርክ ሬንች ደግሞ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ ነው። የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ "ጋሼ፣ ከአባቴ የተረከብኳት ላዳ 2107 አለችኝ። ሞተሯ 1.5 ነው። ደጀን ሄጄ ስመለስ አባይ በረሃ ዳገቱ ላይ ጋለችብኝ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ተብሎ ተቀየረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ውሃ መጨረስ ጀመረች። ራዲያተሩ ውስጥም አረፋ አያለሁ። መካኒኩ ቡሎኖቹን ያጠበቀው ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ነው። ቶርክ ሬንች ስለው 'እሱ ለአዲስ መኪና ነው' አለኝ። በስንት ነው የሚጠብቀው? ተራ አለው ወይ? ቡሎኖቹስ ይቀየሩ? አሁን ባለበት ቢጠብቅስ ይድናል?"

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዛሬ ማታ አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ እንዳይመጣብህ ስለምፈራ ነው። አሁን ባለበት ማጥበቅ አያድናትም። ራዲያተር ውስጥ አረፋ ከታየ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ጋዙ ያለፈበትን የጓርኒሲዮን ቦታ እየላጠ ነው የሚሄደው። የተላጠውን ቦታ ደግሞ የትኛውም ቡሎን አይሞላውም። ቴስታታው ይወርዳል። እስከዚያው አትንዳት። የዘይት መለኪያዋን መዝዘህ እይ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ጭራሽ አታስነሳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መካኒክህን ለማማት አይደለም። እኔም ሥራውን የተማርኩት በእጅ ልክ ነው። ያስተማሩኝ ሰዎች ክንዳቸው ልምድ ነበረው፣ ብዙ ሞተርም አስነስተዋል። ግን ክንድ የሚለካው የድካም ስሜትን ነው። ጠዋት አንደኛውን ቡሎን ስታጠብቅ የነበረህ ክንድና አሥረኛው ላይ ያለህ ክንድ አንድ አይደለም። ቴስታታ የሚፈልገው ኃይለኛ ሰው ሳይሆን አሥሩም ቡሎን እኩል እንዲጎትት ነው።

ቡሎንን ብዙ ሰው እንደ ምስማር ያየዋል። ቡሎን ግን ስፕሪንግ ነው። ስታጠብቀው ይለጠጣል፤ ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ይጨምራል። ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል ቴስታታውን ብሎኩ ላይ ጨምድዶ ይይዘዋል። ጓርኒሲዮኑን የሚያሽገው ይህ የመመለስ ትግል ነው። ትንሽ ከተለጠጠ የሚይዝበት አቅም የለውም። ከልኩ ካለፈ ደግሞ እንደ አሮጌ ላስቲክ ይሞታል። ለእጅ "ጠብቋል" ይመስልሃል እንጂ መጎተቱን አቁሟል።

ምን ያህል ኃይል እንደሚታገል ላሳይህ። ያንተ ሞተር ሲሊንደሩ 76 ሚሊሜትር ነው። የአንዱ ስፋት ወደ 45 ካሬ ሳንቲሜትር ይመጣል። ቤንዚኑ ሲቃጠል ግፊቱ በካሬ ሳንቲሜትር 45 ኪሎ ቢደርስ፣ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከአንድ ሲሊንደር ብቻ 2 ቶን ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ እንዲህ ይመታል። አንዱ ቡሎን ከጎረቤቱ ከላላ፣ ጋዙ የሚያገኘው ያንን ቦታ ነው።

ቧንቧውን ደግሞ በጀሪካን እናስላው። የላዳ ቴስታታ ቡሎን የሚፈልገው 11 ኪሎግራም ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ማለት አንድ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 11 ኪሎ ማንጠልጠል ነው። ቢጫዋን የ20 ሊትር ጀሪካን እስከ ግማሿ ሞልተህ ስትሰቅል ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ያንን ቧንቧ ይዞ በሰውነቱ ሲንጠለጠልበት የአራትና የአምስት ቡሎን ድርሻ በአንዱ ላይ ያሳርፋል። ያንተ መካኒክ "በኃይል" ያጠበቀው ጊዜ ቡሎኖቹ ምን እንደደረሰባቸው ከዚህ ገምት። ለዚህ ነው ቡሎኖቹን ሳትለካ አትመልስ የምልህ።

ልኩን ልስጥህ። ላዳ ሥሯ ፊያት 124 ነው። ሩሲያ ውስጥ ቶሊያቲ ከ1970 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው) ስትመረት የቆየች ናት። ሞተሯ ግን ከፊያቱ ተለይቶ ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው ላይ የተቀመጠ ነው። ከ2101 እስከ 2107 የቴስታታው አያያዝ አንድ ዓይነት ነው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 10 ቡሎኖች፣ በጎን በኩል ደግሞ ለብቻው የቆመ 8 ሚሊሜትር የሆነ 11ኛ ቡሎን። መመሪያው አሥሩን በሁለት ዙር ያጠብቃል። መጀመሪያ ከ33.3 እስከ 41.2 ኒውተን ሜትር (ይህ ሌላው የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው፤ ስሌቱን ከታች አሳይሃለሁ)። ቀጥሎ ከ95.9 እስከ 118.3 ኒውተን ሜትር። ትንሹ 11ኛው መጨረሻ ላይ ከ30.6 እስከ 39 ኒውተን ሜትር።

እኔ መጀመሪያ 40፣ ከዚያ 70፣ መጨረሻ ላይ 108 ኒውተን ሜትር አደርገዋለሁ። የመሃሉን 70 መመሪያው አይጠይቅም። ጓርኒሲዮኑ ቀስ ብሎ እኩል እንዲተኛልኝ ብዬ የጨመርኩት ነው። አሥር ደቂቃ ቢያስጨምር ነው። 11ኛውን 34 ላይ አቆመዋለሁ። ያንን ትንሽ ቡሎን እንደ ታላላቆቹ በ108 ያጠበቀ ሰው በእጁ ላይ ይቆረጥበታል። አይቻለሁ። የተቆረጠ ቡሎን ከብሎክ ማውጣት ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቶርክ ሬንቾች ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ኒውተን ሜትር ነው። ሌላው አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ፉት ፓውንድ ነው። 108 ኒውተን ሜትር በፉት ፓውንድ 80 ብቻ ነው። ሳታይ ፉት ፓውንዱ ላይ 108 ብትሞላ ቡሎኑን በ146 ኒውተን ሜትር አጠበቅከው ማለት ነው። ከጣሪያው በብዙ አለፍክ። ቁልፉን ከማንሳትህ በፊት የትኛውን መስመር እያነበብክ እንደሆነ በጣትህ ነክተህ አረጋግጥ። የድሮ መመሪያዎች በኪሎግራም ሜትር ይጽፋሉ። እሱን በ9.8 አባዛውና ኒውተን ሜትር ይሆንልሃል።

ቶርክ ሬንች ከጓደኛ ብትዋስም ልክ መሆኑን እቤትህ መፈተን ትችላለህ። የቁልፉን አራት ማዕዘን ጫፍ ሞርሳ ላይ አጥብቀህ እሰር፤ እጀታው በአግድም ይዘርጋ። ከመሃከለኛው ነጥብ 50 ሳንቲሜትር ለክተህ 10 ኪሎ ስቀልበት። ይህ 49 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉን 49 ላይ ስትሞላው እዚያ አካባቢ "ቀጭ" ማለት አለበት። 40 ላይ ሞልተኸው ካላለ፣ ወይም 60 ላይም ቀድሞ ካለ፣ አትመነው። ሥራ ስትጨርስ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰህ አስቀምጠው። ውስጡ ስፕሪንግ ነው፤ ተወጥሮ ካደረ ይዋሻል። በእሱ ቡሎን አትፍታበት።

አሁን የምነግርህ ከቁጥሩ ይበልጣል። ቁልፉን ስትጎትት ከምታወጣው ኃይል ቡሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ በቡሎኑ ራስ ሥር በሚፈጠር ፍትጊያ ያልቃል። ቀሪው ጥርሱ ላይ ያልቃል። አስበው እንግዲህ። ጥርሱ ላይ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ የደረቀ ዘይት፣ ትንሽ አሸዋ ካለ ያችን አንድ አሥረኛ ይበላታል። ቁልፉ በታማኝነት 108 ላይ "ቀጭ" ይላል። ቡሎኑ ግን የሚጎትተው የግማሹን ያህል ይሆናል። ጎረቤቱ ንጹሕ ከሆነ ሙሉውን ይጎትታል። በቶርክ ሬንች ተሠርቶም የሚመለስ ቴስታታ የማየው በዚህ ነው። ቁጥሩ እውነት የሚናገረው ጥርሱ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በሽቦ ብሩሽና በቤንዚን አጽዳ። ጥርሱ ጥግ ጥግ ላይ ጥቁር ነገር እስኪጠፋ። ከዚያ ደህና ዳዶ ፈልግና በጣትህ ብቻ ቡሎኑ ላይ አዙረው። ከጫፍ እስከ ጥርሱ መጨረሻ ያለ ችግር መሄድ አለበት። መሃል ላይ ከጠበቀብህ ቡሎኑ እዚያ ጋ ተለጥጧል። ጥርሱ ከጥርስ ርቋል። ጣለው። ካሊፐር ካለህ ደግሞ ርዝመቱን ከራሱ ሥር እስከ ጫፉ ለካ። ከ120 ሚሊሜትር ካለፈ ጊዜው አልፏል፤ አዲስ ይገዛል። ወገቡ የቀጠነ፣ ለዓይን እንኳ እንደ ጠርሙስ አንገት የገባ ካገኘህ መለካትም አያስፈልግህም።

ባንተ ጉዳይ ግን እኔን ብትሰማኝ አሥሩንም ቀይራቸው። ቧንቧ ያየ ቡሎን ስለሆነ ነው። ሁለት ሦስቱን ብቻ ቀይሮ ከአሮጌ ጋር ማደባለቅም አልወድም፤ አጎታተታቸው አይገጥምም። ሶማሌ ተራ ወርደህ ስትገዛ ካሊፐርህን ይዘህ ሂድ። አሥሩንም ጎን ለጎን አቁማቸው። ቁመታቸው አንድ ይሁን፣ ጥርሱ አንድ ይሁን። ያገለገለ ታጥቦ እንደ አዲስ እንዳይሰጥህ የራሱን ሥር እየው። የታጠበቀ ቡሎን ክብ የፍትጊያ ጠባሳ አለው።

ቀጥሎ ብሎኩ። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ታች ድፍን ናቸው። ቴስታታው ሲነሳ ውሃና ዘይት እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙ ሰው ይህን አያየውም። ልጅ እያለሁ የሠራሁበት ጋራዥ ውስጥ የደረሰ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር የሚያጠብቀው። ቡሎኑ ገና በቀላሉ መውረድ ሲገባው ጠበቀ። እሱም "ደርሷል" ብሎ ጨመረበት። "ጧ" የሚል አንድ ድምፅ ሰማን። ታች የተኛው ውሃ መሄጃ አጥቶ ብሎኩን ሰነጠቀው። ውሃ አይጨመቅም። የመኪናው ባለቤት ለጓርኒሲዮን ብሎ መጥቶ ብሎክ የሚያስፈልገው ሰው ሆነ።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቀዳዳ በኮምፕሬሰር ንፋው። ዓይንህን በመነጽር ወይም በጨርቅ ከልል፤ የሚወጣው ነገር ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ኮምፕሬሰር ከሌለ በሕክምና መርፌ ምጠጠው፤ ከዚያ ቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልለህ አድርቀው። መጨረሻ ላይ ጨርቁ ደርቆ መውጣት አለበት። ቀዳዳው ውስጥ ዝገት ካለ ቶርኖ ቤት ልኩን ማስኪዮ (የቀዳዳ ጥርስ ማውጫ) አስመጣና በእጅህ ቀስ ብለህ አውርደው። በማሽን እንዳይሞክሩት። ከዚያ ቡሎኑን ያለ ቴስታታው በጣትህ አስገብተህ ሞክር። ሙሉ በሙሉ በጣት መውረድ አለበት።

ዘይትም ልክ አለው። የቡሎኑን ጥርስና የራሱን ሥር በሞተር ዘይት ቀባ አድርግ። ሮንዴላ ካለውም ሮንዴላውን። ቀባ አድርግ ነው ያልኩህ እንጂ ንከረው አላልኩም። ነክረኸው ከሆነም ጋዜጣ ላይ አቁመህ ግማሽ ሰዓት ይንጠብ። የሚንጠባጠብ ዘይት ይዞ ከገባ ያው ቅድም ያልኩህ የውሃ ታሪክ ይመጣል። ግሪስም አትቀባ። ግሪስ ከዘይት ይበልጥ ስለሚያሟልጭ በዚያው ቁጥር ቡሎኑን ከልኩ በላይ ይለጥጠዋል።

የቴስታታው ፊት ቀጥ ማለቱን ሳታይ አትግጠመው። አሉሚኒየም ነው፤ ከጋለ ይጣመማል። ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ ከጥግ ወደ ጥግ፣ ከዚያም በሌላኛው ሰያፍ፣ ከዚያም በቁመቱ አስቀምጥ። በሥሩ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን መለኪያ ስደድ። የትም ቦታ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጣል። ከጋለ በኋላ ሳይለካ የተገጠመ ቴስታታ በሦስት ሳምንት ቢመለስ አይገርመኝም፤ ያንተም አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ስትፍቅ አሉሚኒየሙን በስለት አትቧጭረው። በብርጭቆ ወረቀት እያዞሩ ማሸትም ጉድጓድ ይፈጥራል። ሰፋ ያለ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መፋቂያ በቂ ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለ ጓርኒሲዮኑ አንድ ነገር በጣም አስምርልኝ። ላዳ ሁለት የሲሊንደር ስፋት አላት። 2101 እና 2103 ሞተሮች 76 ሚሊሜትር ናቸው። 21011፣ 2105 እና 2106 ግን 79 ሚሊሜትር ናቸው። ያንተ 1.5 የ2103 ሞተር ነው፤ ስለዚህ 76 ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለች ላዳ ስንት እጅ እንዳለፈች አስብ። በመሃል የ1.6 ሞተር ተገጥሞላት ሊሆን ይችላል። የ76 ጓርኒሲዮን 79 ላይ ከተቀመጠ ጠርዙ ወደ እሳቱ ውስጥ ይገባል። በቀናት ውስጥ ይቃጠላል። ቡሎኑን በወርቅ ሚዛን ብታጠብቀውም። ቴስታታው ሲወርድ ሲሊንደሩን ራስህ ለካ፣ ከዚያ ጓርኒሲዮን ግዛ። ከብሎኩ ላይ አስቀምጠህም እየው። የቀለበቱ ብረት በየትኛውም ሲሊንደር ውስጥ ብቅ ማለት የለበትም። ማስቲሽ አትቀባው። ደረቅ ነው የሚገባው።

ሲገጠም ሁለቱ የመሃል ማስያዣ ቀለበቶች ብሎኩ ላይ መኖራቸውን እይ። አንደኛውና አራተኛው ፒስቶን እስከ ላይኛው ጫፍ የወጡ ይሁኑ፤ የካም ሻፍቱም ምልክት ይግጠም። ይህን መካኒክህ ያውቀዋል፤ አላስረዝመውም።

አሁን ማጥበቁ። ሞተሩ የቀዘቀዘ ይሁን። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም በ80 ዲግሪ ሲሞቅ እኩል ርዝመት ካለው የብረት ቡሎን በልጦ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይወጣል። ቡሎኑን ራሱ ሙቀቱ ይለጥጠዋል ማለት ነው። መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ይህን አስቀድሞ አስቦ ለቀዝቃዛ ሞተር የተጻፈ ነው። በሙቅ ያጠበቀ ሰው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላላ ቴስታታ ያገኛል።

አሥሩንም በጣትህ አስገባ። ከዚያ በተራ። የተራው ነገር ቀላል ነው። አሥሩ ቡሎን አምስት አምስት ሆኖ በሁለት ረድፍ ቆሟል። ከመሃል ያሉት ሁለቱ ይቀድማሉ። ከዚያ እየተሻገርክ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ ወደ ዳር ትወጣለህ። አራቱ የጥግ ቡሎኖች መጨረሻ ናቸው። ፍራሽ ላይ አንሶላ ስታነጥፍ ከመሃል ወደ ዳር አይደል የምትጠርገው? መጀመሪያ ዳር ዳሩን ከያዝከው እብጠቱ መሃል ላይ ይቀራል። ቴስታታም እንደዚያው ነው። ከዳር የጀመረ ሰው መሃሉን ቀስት ያደርገዋል። በቾክ ቁጥሩን ቴስታታው ላይ ጻፍ። ስልክ ሲጠራ የት እንደደረስክ አይጠፋህም። ሲፈታም በተቃራኒው ነው፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ትንሽ ትንሽ እያላላህ።

አሥሩንም በ40 ጨርስ። ከዚያ እንደገና ከመሃል ተነስተህ አሥሩንም በ70። ከዚያ አሥሩንም በ108። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይቻልም። ቁልፉን በአንድ ወጥ ጉተታ ሳብ። አትነጥቀው፣ አታቋርጠው። "ቀጭ" ሲል ቁም። "ለማንኛውም" ብሎ ሁለተኛ የሚያስቀጭ ሰው በየቡሎኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው። ጆሮህንም ስጠው። ቡሎን እየዞረ "ጢ...ጥ" ብሎ ከጮኸ ወይም እየዘለለ ከሄደ ጥርሱ ወይም ራሱ ሥር ደርቋል። አውጣው፣ አጽዳው፣ ዘይት ቀባው፣ እንደገና አስገባው። እየዞረ እየዞረ ቁጥሩ የማይጨምር ቡሎን ካጋጠመህ ደግሞ አቁም። ወይ ቡሎኑ እየተለጠጠ ነው፣ ወይ የብሎኩ ጥርስ እየተነቀለ ነው። ሁለቱም ተጨማሪ ጉተታ አይፈልጉም። መጨረሻ ላይ 11ኛውን በ34።

የካም ሻፍቱ ቤት ዳዶዎች ደግሞ ከ18.3 እስከ 22.6 ኒውተን ሜትር ናቸው፤ እነሱም ከመሃል ወደ ዳር። ቴስታታ ከወረደ በኋላ የቫልቭ ክፍተት መስተካከሉ የግድ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር።

ይህን የሚያነብ ባለ ቶዮታ ካለ አንድ ቃል። ይህን የላዳ ቁጥር ወደ ኮሮላ አትውሰዱት። ለምሳሌ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ቡሎኖቹ በ29 ኒውተን ሜትር ይጠብቁና ከዚያ በዲግሪ ነው የሚዞሩት። 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ። የቡሎኑ ራስ ላይ ነጭ ቀለም ነጥብ ታደርጋለህ፤ ነጥቧ ሩብ ዙር መሄዷን በዓይንህ ታያለህ። ይህ ዘዴ የፍትጊያውን ችግር ይቀንሰዋል። የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊሜትር የሆነ ቡሎን ሩብ ዙር ከሄደ 0.31 ሚሊሜትር ወርዷል፤ ጥርሱ ቢደርቅም ባይደርቅም። የዚያ ሞተር ቡሎኖችም ሁለት ዓይነት ርዝመት አላቸው፤ ሲፈቱ ካርቶን ላይ በየቦታቸው እየሰካችሁ አስቀምጡ። በዲግሪ የጠበቀን ሞተር በኋላ ተመልሶ ማጥበቅ የለም።

የላዳው ግን አለ። ጓርኒሲዮኑ በሙቀትና በግፊት ትንሽ ይተኛል፤ ቡሎኑም ትንሽ ይላላል። ከ2,000 እስከ 3,000 ኪሎሜትር ስትነዳ ተመለስ። ሌሊቱን አሳድራት፤ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሳ የቫልቭ ክዳኑን አንሳ። በዚያው ተራ፣ አንዱን ቡሎን ብቻ በትንሹ አላላው፣ ሩብ ዙር ይበቃል፤ ወዲያው መልሰህ በ108 አጥብቀው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ሳታላላ ብትሞክረው የቆመው ቡሎን ተጣብቆ ስለሚይዝ፣ ቁልፉ ቡሎኑ ሳይነቃነቅ "ቀጭ" ይልና ያታልልሃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታላላ፤ ጓርኒሲዮኑ ይነሳል። ከዚያ የቫልቭ ክፍተቱን ደግመህ እይ።

አሁን የቀረው ለምን ጋለች የሚለው ነው። ይህን ካልመለስን ቴስታታው ሦስተኛ ጊዜ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ለላዳ የማይበቃ ነው፤ ሞተሯ በሥራ ላይ ወደዚያው ይጠጋል። የሚያድናት የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ስፕሪንግ በካሬ ሳንቲሜትር ግማሽ ኪሎ ግፊት ይይዛል። በዚያ ግፊት ውሃው እስከ 105 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይይዝም። ውሃው ጎሃ ጽዮን ሳትደርስ ይፈላል። ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ቴስታታ የሚጣመመው በዚህች ክዳን ሰበብ ነው። ላስቲኩን በጥፍርህ ጫን አድርገህ እየው። ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ቀይረው። ቴርሞስታቱንም ድስት ውስጥ ውሃ ጋር ጥደህ ሲከፈት እየው። ከ80 ዲግሪ ጀምሮ መላወስ አለበት።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 2,000 ኪሎሜትሮች ከተማ ውስጥና ሜዳ መንገድ ላይ ፈጽማቸው። ዳግም ማጥበቁ እስኪደርስ አባይ በረሃን አትውረድ። በኋላም ዳገቱን ስትወጣ መርፌዋ ከወትሮዋ ከፍ ማለት እንደጀመረች ማርሽ ቀንስ፣ ማሞቂያውን ክፈት፣ ጥግ ያዝና ሞተሩን ሳታጠፋ ቀስ ብሎ እንዲዞር ተወው። ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ክዳኑ የሚነሳው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስ።